ምዕራፍ ሰባት፦ መሪውን በየዓመቱ የሚሸኝ ማኅበር

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «የክብር ማኅበር» የሚባለው በትምህርታቸው ጥሩ ውጤት ያስመዘገቡ ተማሪዎች ተመርጠው የሚገቡበት፣ አገር አቀፍ አመራርና በየዩኒቨርሲቲው የተቋቋሙ ቅርንጫፎች ያሉት ድርጅት ነው። ልማዱ የሚቆጠረው በ1776 በቨርጂኒያ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ከተመሠረተው ከፋይ ቤታ ካፓ ጀምሮ ሲሆን (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በግሪክ ፊደላት መሰየምም ከእርሱ የተወረሰ ነው። በዚህ ስያሜ የተነሳ የክብር ማኅበራት ብዙ ጊዜ ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ ከሚባሉት፣ በጋራ መኖሪያቸውና በድግሳቸው ከሚታወቁት የወንዶችና የሴቶች ማኅበራት ጋር ይምታታሉ። የክብር ማኅበር ግን የመኖሪያ ቤት የለውም፤ አባል የሚያደርገውም በመጀመሪያ የፈተና ውጤት እንጂ የጓደኛ ጥቆማ አይደለም።

በጥንታዊ ግሪክኛና በላቲን ትምህርት ዘርፍ ይህን ቦታ የያዘው ኤታ ሲግማ ፋይ ነው። መነሻው በ1914 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የክላሲክስ ክበብ ሲሆን፣ በ1924 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ከነበረ ተመሳሳይ ማኅበር ጋር ተዋህዶ አሁን የሚጠራበትን ስም ያዘ፤ በ1927 ደግሞ በኢሊኖይ ግዛት ሕግ መሠረት በሕጋዊ ሰውነት ተመዘገበ። «ክላሲክስ» ሲባል የጥንት ግሪክንና የሮምን ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክና ኪነ ጥበብ በአንድነት የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ማለት ነው።

ማኅበሩ የተወለደበትን ጊዜ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የቅርንጫፎቹ ሥራ ለምን አሁን ያለውን መልክ እንደያዘ የሚገባው ከዚያ ተነስቶ ነው። በ1900 ገደማ በአሜሪካ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ላቲን ይማሩ ነበር። ታላላቆቹ ኮሌጆች ግን ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ግሪክኛን የመግቢያ ግዴታ ማድረጋቸውን አንድ በአንድ እየተዉ ነበር። ስለዚህ የቺካጎዎቹ ተማሪዎች ክበባቸውን ሲመሠርቱ መስኩ በግዴታ ሳይሆን በፍላጎት ወደሚማሩት ሰዎች መስክነት እየተለወጠ ነበር ማለት ይቻላል። ትልቁ መውደቅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1962 በአገሪቱ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላቲን የሚማሩት 700,000 ያህል ሲሆኑ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ቁጥሩ ወደ 150,000 ወርዶ ተገኘ። ላቲን በማይማር ትውልድ መካከል የላቲን ክብር ማኅበር መምራት፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በሥነ ልቦና መስክ እንዲህ ያለ ማኅበር ከመምራት ፈጽሞ የተለየ ሥራ ነው። የሌሎቹ መስኮች ማኅበራት ከብዙ ተማሪ መካከል ይመርጣሉ፤ የክላሲክስ ቅርንጫፍ ግን ከመምረጡ በፊት የሚመረጥ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ ይህም ማኅበሩን ከሽልማት ሰጪነት ይልቅ የትምህርት ክፍሉ ጠበቃ ወደመሆን ገፍቶታል።

የቅርንጫፎች ስያሜ በግሪክ ፊደል ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ የመጀመሪያው አልፋ፣ ሁለተኛው ቤታ እየተባለ ሃያ አራቱ ፊደላት ካለቁ በኋላ ወደ አልፋ አልፋ፣ አልፋ ቤታና ወደ ሌሎች ጥንዶች ይሻገራል። ጥንዶቹ ብቻ 576 ስም ስለሚሰጡ በቅርብ ያልቃሉ የሚል ስጋት የለም። የቅርንጫፍ ሹማምንት መጠሪያም እንዲሁ ከጥንት ግሪክ የተወሰደ ነው። ሊቀ መንበሩ ፕሪታኒስ፣ ምክትሉ ሂፓርኮስ፣ ጸሐፊው ግራማቴዩስ፣ ገንዘብ ያዡ ክሪሶፊላክስ፣ የሥነ ሥርዓት አስከባሪው ደግሞ ፒሎሮስ ማለትም በረኛ ይባላል። በአገር አቀፍ ደረጃ የሚመረጡት ተማሪዎች በእነዚሁ ስሞች ላይ «ታላቅ» የሚል ትርጉም ያለውን ሜጋስ የሚለውን ቃል ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ከውጭ ለሚያየው የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ጨዋታነትም አያጣውም። ሆኖም የሃያ ዓመት ተማሪ ፕሪታኒስ ተብሎ ሲሾም፣ በአቴንስ አምስት መቶ አባላት ከነበሩት ምክር ቤት ውስጥ ሃምሳዎቹ በተራቸው የዓመቱን አንድ አሥረኛ ጉዳይ ሲመሩ የተጠሩበትን ስም እንደያዘ ያውቃል። የሹመቱ ስም የትምህርቱ ክፍል መሆኑ በሌሎች መስኮች ማኅበራት ዘንድ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም።

አባላት የሚመረጡት ግሪክኛ ወይም ላቲን በሚማሩበት ኮርስ ቢያንስ «ቢ» ካመጡ ተማሪዎች መካከል ነው። እዚህ ላይ አዲስ ሹማምንት ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉበት ሕጋዊ ጉዳይ አለ። ከ1974 ጀምሮ የሚሠራው የተማሪ መዝገብ ምስጢራዊነት የፌዴራል ሕግ የአንድን ተማሪ ውጤት ለሌላ ተማሪ ማሳየትን ስለሚከለክል፣ ሊቀ መንበሩም ሆነ ጸሐፊው የጓደኞቻቸውን ውጤት ጠይቀው ማጣራት አይችሉም። ስለዚህ ሥራው በሁለት እጅ ይከፈላል፤ ከመምህራን መካከል የሚመደበው አማካሪ መዝገቡን አይቶ ብቁ የሆኑትን ስም ብቻ ይሰጣል፣ ተማሪዎቹ ደግሞ የግብዣውን ደብዳቤ ጽፈው ይልካሉ። ደብዳቤው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካ ተማሪ ገንዘብ ክፈልና ክብር እንስጥህ የሚሉ አጠራጣሪ መልእክቶች በየሴሚስተሩ ስለሚደርሱት፣ የመግቢያ ክፍያ የሚጠይቅ ማንኛውንም ደብዳቤ ሳያነብ የመሰረዝ ልማድ አለው። ልምድ ያላቸው ቅርንጫፎች ይህን ስለሚያውቁ ግብዣውን በኢሜይል ብቻ አይልኩም፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ በእጁ እንዲሰጠው ያደርጋሉ፣ ክፍያው የት እንደሚሄድም በግልጽ ያስረዳሉ፣ መክፈል ለሚከብደው ተማሪ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ የሚሸፍንበትን መንገድ አስቀድመው ያበጃሉ። ክብርን በገንዘብ እጥረት የሚነፍግ ማኅበር ስሙን ያጎድፋልና ይህ የመጨረሻው ነገር እንደ ቸርነት ሊታይ አይገባም።

የመቀበያው ሥነ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ በጸደይ ወራት የሚደረግ ሲሆን፣ ንባብ፣ ቃል ኪዳንና የአባላት መዝገብ ላይ መፈረም ይኖሩበታል። በአሜሪካ ግቢዎች የአዲስ አባላት ሥነ ሥርዓት ሲነሳ ግን «ሄዚንግ» የሚባለው፣ አዲስ ገቢዎችን በማዋረድ ወይም በማሠቃየት የመፈተን ክፉ ልማድ አብሮ ይነሳል፤ በታኅሣሥ 2024 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያሉ ድርጊቶችን በይፋ እንዲዘግቡ ያስገድዳል። በሻማ ብርሃን ግሪክኛ የሚያነብ ማኅበር ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር ባይኖርም ሹማምንቱ ከሌሎቹ የተማሪ ማኅበራት ጋር ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን ሥልጠና እንዲወስዱ መጠየቃቸው የተለመደ ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በየሴሚስተሩ ከሚከፍሉት የእንቅስቃሴ ክፍያ ላይ የተማሪዎች መማክርት ለተመዘገቡ ማኅበራት በጀት ይደለድላል፤ ማኅበሩ ለዚህ መተዳደሪያ ደንብ፣ የሹማምንት ዝርዝርና የአማካሪ ፊርማ ያቀርባል። የበጀት ማመልከቻው ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከሚወጣበት ዓመት በፊት ባለው ጸደይ ላይ ስለሚውል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ወጪ የሚያቅዱት ሊመረቁ ጥቂት ሳምንታት የቀራቸው ሹማምንት ናቸው። ደረሰኝ የጠፋበት ወጪ አይመለስም፤ ክሪሶፊላክስ የሚለው ስም «የወርቅ ጠባቂ» ቢሆንም ሥራው በዋነኝነት የፒዛ ደረሰኝ መጠበቅ ነው።

ቅርንጫፉ በዓመቱ ውስጥ የሚያደርገው ነገር በአብዛኛው በሮማውያን የዘመን መቁጠሪያ ላይ ይንጠለጠላል። በታኅሣሥ 17 የሚጀምረው የሳቱርናሊያ በዓል ከፈተና ሳምንት ጋር ስለሚጋጭ ቀደም ተደርጎ ይከበራል፤ ዩልየስ ቄሳር በ44 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገደለበት መጋቢት 15 ለኬክ ሽያጭ ይውላል፤ ሚያዝያ 21 ደግሞ በትውፊት ሮም በ753 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቆረቆረችበት ዕለት ስለሆነ የዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ሰበብ ይሆናል። ለእነዚህ የሚመጡት ግን በአብዛኛው ቀድሞውኑ ማኅበሩን የሚያውቁ ናቸው። በመንገድ የሚያልፈውን ተማሪ አስቁሞ እንዲጠይቅ የሚያደርገው በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚዘጋጀው የሆሜር የሙሉ ንባብ ዝግጅት ነው፤ ይኸውም ኢሊያድን ወይም ኦዲሲን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአደባባይ፣ በተራ፣ ሳያቋርጡ ጮክ ብሎ ማንበብ ማለት ነው።

ይህ ዝግጅት የቅርንጫፍን አቅም በደንብ የሚፈትን ስለሆነ በቅርበት መመልከት ይገባል። ኢሊያድ 15,693 ስንኝ አለው። በደቂቃ 15 ስንኝ ቢነበብ 1,046 ደቂቃ፣ ማለትም አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተጀመረ ንባብ የሚያልቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። እያንዳንዱ አንባቢ ሩብ ሰዓት ቢይዝ ሰባ አንባቢ ያስፈልጋል፤ አሥራ አምስት አባላት ያሉት ቅርንጫፍ ደግሞ ሰባ አንባቢ ከራሱ አያገኝም። የዝግጅቱ ጥቅምም የሚመጣው ከዚሁ ጉድለት ነው፤ ቅርንጫፉ የፍልስፍና መምህሩን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን፣ የእግር ኳስ ቡድኑን አምበል፣ ከተቻለም የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ለመጋበዝ ይገደዳል፣ እነርሱም ቢያንስ ለሩብ ሰዓት የትምህርት ክፍሉ እንግዶች ይሆናሉ። የትርጉሙ ምርጫ በሰዓቱ ላይ ለውጥ ያመጣል። የሪችመንድ ላቲሞር የ1951 የእንግሊዝኛ ትርጉም የግሪኩን ስንኝ በስንኝ ስለሚከተል ሰዓቱን አስቀድሞ ለማስላት ይመቻል፤ ስንኙን የሚያበዙ ትርጉሞች ግን ስሌቱን ያፋልሳሉ። ድልድሉም ብልሃት ይጠይቃል። ሄክቶር ከሚስቱ ጋር የሚሰናበትበትን ስድስተኛውን መጽሐፍና ሽማግሌው ፕሪያም የልጁን አስከሬን የሚለምንበትን ሃያ አራተኛውን ሁሉም ይሻማበታል፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የመርከቦች ዝርዝር፣ በላይ በላዩ የሚመጣ የአለቃና የአገር ስም የሞላበትን ከሁለት መቶ ስድሳ በላይ ስንኝ ግን ፈቅዶ የሚወስድ አይገኝም። አስተዋይ ጸሐፊ ይህን ክፍል ለአማካሪው ይመድባል፤ አማካሪው እምቢ ማለት አይችልም፣ ተማሪዎቹም መምህራቸው በስሞቹ ሲደናቀፍ ለመስማት ይሰበሰባሉ። ከእራት በኋላ ያሉት ሰዓቶች አድማጭ የሚሳሳባቸው ስለሆኑ ለእነዚያ ሁለት ሁለት አንባቢ መመዝገብ የሚሻለው ቢያንስ አንዱ ይቀራል ተብሎ በመገመት ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን በየዓመቱ የሚካሄደው አገር አቀፍ የትርጉም ውድድር አለ፤ ተወዳዳሪው አስቀድሞ ያላየውን የግሪክኛ ወይም የላቲን ምንባብ በፈተና ሥርዓት ይተረጉማል፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ላቲን የመጻፍ ውድድርም አለው። በልጅነቱ ግዕዝ የተማረ ሰው የዚህን ክብደት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ማንም በቤቱ በማይናገረው ቋንቋ፣ ባላየው ጽሑፍ ፊት ብቻን መቀመጥ የዓመታት ንባብን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያጋልጣል። ማኅበሩ ለአባላቱ በአቴንስ በሚገኘው የአሜሪካ የክላሲክስ ጥናት ትምህርት ቤትና በሮም በሚገኘው የአሜሪካ አካዳሚ በበጋ ወራት ለሚሰጡ ኮርሶችም የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል።

የንግግር ምሽቶችን በተመለከተ ቅርንጫፎች ዘወትር ወደ አቴንስና ወደ ሮም ብቻ የማዘንበል ዝንባሌ አላቸው፤ ይህ ግን በእጅ ያለን ሀብት መተው ነው። ለምሳሌ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ ኢንዲኮፕለውስቴስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ሰነዶችን የያዘ ነው፤ አንዱ የግብጹ ንጉሥ የሳልሳዊ ቶለሚ፣ ሌላው ስሙ ያልቀረ የአክሱም ንጉሥ ሲሆን፣ ኮስማስ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ጽሑፍ አያይዞ አስተላለፋቸው። ሁለተኛ ዓመት ግሪክኛ የሚማር ተማሪ የአንዱ ድምፅ የት እንደሚያበቃና የሌላው የት እንደሚጀምር ከጽሑፉ ለይቶ ማውጣት የሚችል በመሆኑ፣ ከዚህ የተሻለ የንባብ ቡድን ልምምድ ማግኘት ያዳግታል። በኢዛና ጽሑፎችና በአክሱም ሳንቲሞች ላይ ያለው ግሪክኛም እንዲሁ ለጀማሪ የማይከብድ ነው። የዋሽንግተኑ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ፍራንክ ስኖውደን በ1970 ባሳተሙት መጽሐፋቸው የግሪክና የሮም ጸሐፍት ኢትዮጵያውያን ብለው የጠሯቸውን፣ በተለይ ከግብጽ በስተ ደቡብ የነበሩትን ጥቁር ሕዝቦች እንዴት እንደሚያዩ በጽሑፍና በቅርስ ማስረጃ መርምረዋል። ስኖውደን የነበሩበት የሃዋርድ የክላሲክስ ትምህርት ክፍል በ2021 እንዲፈርስና ኮርሶቹ ወደ ሌሎች ክፍሎች እንዲበተኑ ተወሰነ፤ በታሪክ የጥቁሮች ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ራሱን የቻለ እንዲህ ያለ ክፍል የነበረው እርሱ ብቻ ነበር። የተማሪ ማኅበር እንዲህ ያለውን ውሳኔ ብቻውን ያስቆማል ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የኮርስ ተመዝጋቢዎችን ቁጥር የሚቆጥር ዲን ፊት፣ ስማቸው የታወቀ፣ የተደራጁና ጥያቄ የሚያቀርቡ ተማሪዎች ያሉት የትምህርት ክፍል ከሌለው ይልቅ የሚናገርለት ያገኛል።

በየጸደዩ አንዱ ቅርንጫፍ አስተናጋጅ ሆኖ የሚካሄደው ብሔራዊ ጉባኤ የማኅበሩ ሉዓላዊ አካል ነው። ተወካዮቹ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የአገር አቀፍ ሹማምንትን ይመርጣሉ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ለመክፈት የቀረቡ ጥያቄዎችን በድምፅ ይወስናሉ። በጉባኤው ላይ ሰርታሜን የሚባለው የጥያቄና መልስ ውድድርም ይኖራል፤ በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ቁልፉን ተጭኖ በትክክል የመለሰ ቡድን 10 ነጥብና እያንዳንዳቸው 5 ነጥብ ያላቸውን ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ያገኛል። ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ጨዋታውን የተማሩት በ1936 በተመሠረተው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የክላሲክስ ሊግ ውስጥ ስለሆነ፣ ወደ ሊጉ የውድድር ቀናት ዳኛና ጥያቄ አንባቢ የሚልክ ቅርንጫፍ የነገ አባላቱን ከወዲሁ ያውቃቸዋል።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ እርሱም ርክክብ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል፣ ተማሪው ለአባልነት የሚደርሰው ጥቂት ኮርሶች ከወሰደ በኋላ ነው፣ ለሹመት የሚታጨው ደግሞ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ዓመቱ በመሆኑ፣ ቅርንጫፉን የሚያውቀው ሰው ባወቀው ማግሥት ይመረቃል። ሁሉም ሹማምንት ከአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የተመረጡበት ቅርንጫፍ በግንቦት ጥሩ ድግስ ደግሶ በመስከረም የባንክ ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ያጣል። አቴናውያንም በየዓመቱ የሚለዋወጥና አንድ ሰው በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ የማይቀመጥበት ምክር ቤት ነበራቸው። ያ አሠራር ሳይናጋ የሄደበት አንዱ ምክንያት፣ ሜትሮዮን በሚባለው ሕንፃ የሕዝብ ሰነዶች ተጠብቀው መኖራቸውና ከሹማምንቱ ጋር የማይለዋወጡ፣ በባርነት የከተማዋ ንብረት የነበሩ ጸሐፍት መዝገቡን መያዛቸው ነበር።

ለቅርንጫፍ የዚህ አቻ የሚሆነው የማኅበሩ እንጂ የአንድ ተማሪ ያልሆነ የኢሜይል አድራሻና የጋራ ፋይል ነው። በውስጡ የየስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የአገር አቀፉ ጽሕፈት ቤትና የተማሪዎች መማክርት የሚጠይቁት ቅጽ ከነቀነ ገደቡ፣ ባለፈው ዓመት ምን በስንት እንደተገዛ የሚያሳይ ሒሳብና የንባቡ ቀን ድልድል ይቀመጣሉ። የይለፍ ቃሉ በተመረቀ ተማሪ ስልክ ብቻ የሚረጋገጥ ሆኖ መቅረቱ በጣም የተለመደ ጥፋት ስለሆነ፣ ርክክቡ ነባሩና አዲሱ ሹም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊከናወን ይገባል። ምርጫውን ከሚያዝያ ወደ የካቲት መሳብ ሌላው መፍትሔ ነው፤ አዲሱ ገንዘብ ያዥ ነባሩ ገና ግቢ ውስጥ ሳለ አንድ ሙሉ በጀት ሲዘጋ ያያል፣ የመቀበያውን ሥነ ሥርዓትም አዲሶቹ በነባሮቹ ፊት ይመሩታል። ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ሰው በጸሐፊነት መመረጡን ደንብ ማድረግም ብዙ ዋጋ አለው፤ ጽሕፈት የሁሉንም ሥራ የሚያሳይ ሹመት ነውና በሚቀጥለው ዓመት ሊቀ መንበር ለመሆን ከእርሱ የተሻለ ዝግጅት የለም።

አማካሪው በዚህ ሁሉ መካከል የሚገጥመው ፈተና ሥራውን ራሱ መሥራት ነው። አንድ መምህር ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ቅጹን የሚሞላው፣ አዳራሹን የሚይዘው፣ ኬኩን የሚያዝዘው እርሱ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይቀላጠፋል፤ መምህሩ በምርምር ፈቃድ አንድ ዓመት ሲወጣ ግን ቅርንጫፉ አብሮት ይወጣል። መዝገብ መመርመርንና ፊርማን የመሳሰሉ ሕግ የሚጠይቃቸውን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን ለተማሪዎቹ የሚለቅ አማካሪ፣ ጥቂት የተበላሹ ዝግጅቶችን መታገሥ ይኖርበታል። የሚበልጠው አደጋ የተሟላና ተማሪ የሌለበት ዝግጅት ነው።

እንዲያም ሆኖ ቅርንጫፎች ይተኛሉ፤ አማካሪ ጡረታ ይወጣል፣ አንድ ዓመት የሚመረጥ ይጠፋል፣ ዓመታዊው ሪፖርት ሳይላክ ይቀራል። የተኛ ቅርንጫፍ በሥርዓቱ መሠረት የግሪክ ፊደል ስሙን አያጣም፤ ወደ ሥራ ለመመለስም ከአዲስ ቅርንጫፍ ያነሰ ውጣ ውረድ ይገጥመዋል። አዲስ የተቀጠረ መምህር ከትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ የ1950ዎቹን የአባላት መዝገብ ሲያገኝ፣ በመጀመሪያ ለአገር አቀፉ ጽሕፈት ቤት ጽፎ የቅርንጫፉን ሁኔታ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ግሪክኛና ላቲን በጥሩ ውጤት የወሰዱትን ተማሪዎች ስም ያወጣል፣ ከመካከላቸውም ገና ሁለት ዓመት የቀራቸውን ለይቶ መጀመሪያ የሚያነጋግረው እነርሱን ነው።